የተዘረጋ ጥላ

ነጋሪው ከበሮውን የመታው ገበያው ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ፀሐይዋም አናት ላይ ደርሳ ሳለ ነው። እህል የሚሰፍሩት መስፈር አቆሙ፤ ፍየል የሚጎትቱትም ባሉበት ቆሙ።

«ሰማዩ ዝናብ እስኪጥል ድረስ» አለ ነጋሪው፣ «በአዳማ ገበያ ጥላ መዘርጋት ክልክል ነው። የተዘረጋ ጥላ የተገኘበት ሰው ጥላው ይቃጠላል፤ እሱም ከገበያው ይባረራል። ያልሰማህ ከሰማው ጠይቅ።»

በዚያን ቀን ገበያው ውስጥ የተዘረጋው ጥላ አንድ ብቻ ነበር። ከሥሩ የተቀመጠችው ቀመሪያ ነበረች። አዋጁ ስም አልጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገውም። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት።

ቀመሪያ የሀጂራ ልጅ ናት፤ ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች ቆይታለች። ከተወለደች ጀምሮ ቆዳዋ ነጭ ነው፣ ጸጉሯ ገለባ ይመስላል፣ ዓይኗ ብርሃን አይችልም። ያላት ነገር ይኸው ነው። በሽተኛ አይደለችም። የተረገመች አይደለችም። እናቷ አርግዛት ሳለች ሙሉ ጨረቃ ላይ አፍጥጣ አይታለች የሚሉ ነበሩ፤ ይህንንም ያመጡት ስሟ በዐረብኛ የጨረቃ ነገር ስላለበት ነው። ስሙ የወጣላት ከተወለደች በኋላ መሆኑን ማንም ቆም ብሎ አላሰበም። ፀሐይ ግን በእውነት ታቃጥላታለች። ሌላው ሰው ላቡን በሚጠርግበት ሰዓት የእሷ ትከሻ ይላጣል፣ ከንፈሯ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጥቁር ጥላ አላት፤ በባቡር ከጅቡቲ የመጣ፣ ጣቢያው አጠገብ ካለው ከኑሬ ሱቅ የተገዛ።

እናቷ ሀጂራ የወሎ ሰው ናት። ባሏ በወባ ከሞተ ወዲህ አቡጀዲ፣ ክር፣ መርፌና አዝራር እየሸጠች ትኖራለች። ኦሮምኛዋ ከሰላምታ ብዙ አያልፍም። ከአርሲ በኩል ቅቤና እህል ጭነው የሚመጡት ሴቶች የሚገበያዩት ከልጅቱ ጋር ነው፤ ቀመሪያ በሁለቱም ቋንቋ ታሾፋለች፣ ትከራከራለች፣ ትረታለች። «ልጅቷን ቤት ብታስቀምጫት ምን አለበት?» የሚሏት ሰዎች ሀጂራን ዋና እጇን ቆርጣ ቤት እንድታስቀምጥ ነበር የሚመክሯት። ሀጂራ ቀመሪያን ራሷን አንድ ጊዜ ብትጠይቃት፣ «ቤት አስቀምጠሽኝ ምን ልሁን፣ ዱቄት?» ብላ መልሳላታለች።

የገበያው ዳኛ ዘበኛ በሰው መሐል እየገፋ መጣና ጥላውን ከልጅቱ እጅ ወስዶ አጠፈው፤ ሊያቃጥለው ግን አልጨከነም፣ አጥፎ መለሰላት።

«ትእዛዝ ነው፣ እትዬ ሀጂራ። በእኔ አትቀየሚ።»

«አንተን ማን ቆጥሮህ» አለችው።

ሀጂራ ወዲያው ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች። ግን ቀመሪያ ለአንዲት ከሩቅ ለመጣች ሴት አቡጀዲ እየለካች ነበር፤ ሴትየዋን ባዶ እጇን አልሰዳትም አለች። ነጠላዋን ተከናነበች። ነጠላ ደግሞ ያቺን ፀሐይ አይመልስም። ልኬቱ ተቆርጦ፣ ዕቃው ታስሮ፣ አህያው ተጭኖ ቤት እስኪደርሱ ድረስ ትከሻዋና የእጇ ጀርባ ውሃ ቋጥሮ ነበር። ሀጂራ እሬት ሰንጥቃ ስትቀባት ልጅቱ አላለቀሰችም። ሀጂራም አላለቀሰችም። እሬቱን እንደ ሰው አንገት ይዛ ነበር የምትጨምቀው።

ነገሩን የጀመረው ባጫ ነው። ባጫ ከከተማው ወጣ ብሎ መሬትና ከብት ያለው ሽማግሌ ገበሬ ነው። የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ ቀረ፤ ግንቦትም ደርቆ አለፈ፤ ከብቶቹ አንድ በአንድ ይወድቁበት ጀመር። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ቆሞ ሳለ ከጭላሎ ተራራ በኩል ጠቆር ያለ ደመና ብቅ አለ። ሰዉ ሁሉ ቀና ብሎ አየ። በዚያው ቅጽበት ቀመሪያ ከቤቷ መጥታ ቦታዋ ላይ ደረሰችና ጥላዋን ዘረጋች። ነፋስ ተነሣ፤ ደመናውም ተበተነ። ባጫ ጣቱን ወደ እሷ ቀሰረ።

«አያት» አለ። «ደመናው አያትና ተመለሰ። ጥላ መዘርጋት ለዝናብ አልፈልግህም ማለት ነው። ዝናብ ደግሞ ኩሩ ነው፤ አልፈልግህም ያለውን ሰው አይለምንም።»

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የራሱን ጨመረ። ጃንጥላ ማለት የጃንሆይ ጥላ ነው፣ የተሠራውም ለንጉሥና ለታቦት ነው፣ በመርፌ ሻጭ ልጅ አናት ላይ ሲዘረጋ ሰማይ ይቆጣል አሉ። እርጉዝ ሴት ጃንጥላው መሬት ላይ የሚጥለውን ጥላ ከረገጠች ልጇ ነጭ ሆኖ ይወለዳል አሉ። ቀትር ላይ ከልጅቱ ጋር የምትሄደው ጥላ ክብ ናት፣ ራስ የላትም፣ እጅ የላትም፣ ስለዚህ የሰው ጥላ አይደለችም አሉ። መብረቅም የሚጠራው ጥላው ነው አሉ። ዝናብን የሚያባርር ነገር መብረቅን እንዴት ይጠራል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በባቡር የሚመጡ ሰዎች ቢሾፍቱም አንድ ጠብታ እንዳላየች ያወሩ ነበር። መቂም ደርቃለች፣ አዳሚ ቱሉም ደርቃለች። የቀመሪያ ጥላ ተዘርግቶ ሁለት ሰው በቅጡ አያስጠልልም።

ሰዎቹ ዳኛው ደጅ ሄደው ጮኹ። የገበያው ዳኛ ባላምባራስ ገብረወልድ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ፈሪ ሰው ነበር። ያ ሁሉ ገበሬ ከቦ ሲጮኽበት አንድ ነገር ማድረግ ነበረበት፤ ዝናብ ማዝነብ ስለማይችል አዋጅ አወጣ። ሲያወጣም ጸሐፊው አስጠንቅቆት ነበር፦ «ጃንጥላ ካልን የታቦቱም የመንግሥቱም ይገባበታል፣ ጌታዬ።» ሁለቱ ተማክረው «ጃን»ን ቆረጧትና «ጥላ» ብለው ለነጋሪው ሰጡት። በዚህም ብልሃታቸው ተደስተው እንደነበር ነጋሪው ራሱ ጠጅ ቤት ተቀምጦ አውርቷል።

ሀጂራ ይህን ሰምታ ነው በአዋጁ ማግስት ኑሬ ሱቅ የሄደችው።

ኑሬ የሰቀላቸውን ጥላዎች ሁሉ ከግድግዳው አውርዶ ከባንኮኒው ሥር ከቷቸው ነበር። እሱም የወሎ ሰው ነው፤ ሲስቅ ሆዱ ይቀድመዋል።

«ዳኛው ዘንድ ልሄድ ነው» አለችው። «አንተ ትመሰክርልኛለህ።»

«ምን ብዬ?»

«የሸጥክልኝ ጨርቅና ሽቦ መሆኑን።»

ኑሬ ወደ በሩ አየ። «ቀስ በይ እንጂ፣ እትዬ ሀጂራ። ሰው ይሰማል።»

«ጨርቅና ሽቦ መሆኑን ሰው እንዳይሰማ ነው የምትፈራው?»

«እኔ ነጋዴ ነኝ። ነጋዴ ስለሸጠው ዕቃ ሲመሰክር ማን ያምነዋል?»

«ስትሸጥልኝ ስንት መስክረህ የለም እንዴ። ነፋስ አይገለብጠውም፣ ውሃ አያስገባም፣ ልጅሽን የንጉሥ ልጅ ያስመስላታል አልከኝ።»

«እሱማ ንግድ ነው።» ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ፣ ብልህ ሁኚ። ልጅቷን ይዘሻት ሂጂ፣ ትከሻዋን ገልጠሽ አሳዪው። ባላምባራስ ሆደ ቡቡ ነው። እግሩ ላይ ውደቂ፣ አልቅሺ፣ ለእሷ ብቻ ይፈቅድልሻል።»

«ለምጽዋት አይደለም የምሄደው።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«ለሙግት።»

«ከማን ጋር?»

«ከአዋጁ ጋር።»

ኑሬ ባንኮኒውን በእጁ ጠረገ። «አላህ ይርዳሽ» አለ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። «ለማንኛውም ያንን ጥላ ቤት ውስጥ እንዳትዘረጊው። ሬሳ ይጠራል ትላለች ባለቤቴ።»

ሀጂራ በሩን በእግሯ ገፍታ ወጣች።

ባላምባራስ ገብረወልድ ችሎት የሚያስችለው ገበያው ዳር ካለው ትልቅ ዋርካ ሥር ነው። እሱ ወንበሩ ላይ፣ ጸሐፊው በርጩማ ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ሥሩ ላይ ይቀመጣሉ፤ ባለጉዳይም ሲጠራ ወደ ጥላው ገብቶ ይቆማል። በዚያን ዕለት ባጫም ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ሀጂራ ተጠራች። ከዋርካው ጥላ ጫፍ አንድ ጋት ቀርቷት ፀሐይ ላይ ቆመች። ቀመሪያ ከኋላዋ ወፍራም ጋቢ ከአናቷ እስከ እግሯ ተከናንባ፣ ዓይኗን ብቻ አውጥታ ቆማለች።

«ወደ ጥላው ግቢና ተናገሪ» አላት ዳኛው። ደግ ሲሆን ድምፁ ይለሰልሳል።

«አልገባም፣ ጌታዬ። አዋጅ አለ።»

«የምን አዋጅ?»

«የእርስዎ ነዋ። ጥላ ክልክል ነው ብለዋል።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቀ። ዳኛውም ፈገግ አለ። «እኔ የዛፍ ጥላ አላልኩም።»

«የዛፍ ሲቀር ብለውም አላስነገሩም። ነጋሪው ያለውን ገበያው ሁሉ ሰምቷል። ጥላ ነው ያለው። የተዘረጋ ጥላ። ይህ ዋርካ ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ ተዘርግቷል፣ እርስዎም ከሥሩ ተገኝተዋል።»

አሁን የሳቀው ሰው ብዙ ነበር። ሥራ ያልያዘ ሁሉ እየተጠጋ መጣ።

«ሴትዮ፣ በቃል አትጫወቺ» አለ ጸሐፊው።

«በቃል የተጫወተው የቆረጠው ነው» አለችው። «ሙሉውን በሉታ። ጃንጥላ በሉ። ያን ጊዜ ለምሕላ ሲወጣ ታቦቱ ምን ይዘረጋለታል? ይህ የእኔ ጉዳይ አይደለም፤ የእናንተ ነው፤ እኔ አፌን አልከፍትበትም። እኔ የምጠይቀው የታወጀው እንዲከበር ብቻ ነው። በሕግ አምላክ፣ ጌታዬ። አዋጅዎን ያክብሩልኝ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። በሕግ አምላክ ከተባለ በኋላ፣ ለዚያውም በገበያ መሐል፣ ሹም ቢሆን እንዳልሰማ ሆኖ አያልፍም። ባላምባራስ ገብረወልድ ጸሐፊውን አየ። ጸሐፊው ብዕሩን አየ።

ፈሪ ሰው አንዳንዴ ደፋር ለመምሰል የማያደርገው የለም። ዳኛው ተነሣና ወንበሩን ራሱ አንሥቶ ፀሐይ ላይ አስቀመጠው። «ይኸው» አለ። «እኔ ከሕግ በላይ አይደለሁም። ሁላችሁም ውጡ።»

ሽማግሌዎቹ እያጉረመረሙ ወጡ። ባጫ ብቻ ሳያጉረመርም ወጣ፤ ዕድሜውን ሙሉ ፀሐይ ላይ የኖረ ሰው ነው።

«ባርኔጣዎም ጥላ ይጥላል፣ ጌታዬ» አለች ሀጂራ።

ከሕዝቡ መሐል አንዱ በአፍንጫው ሳቀ፤ ሌላው ተከተለው፤ ከዚያ ማን ይያዘው። ዳኛው ባርኔጣውን አወለቀ። ራሱ መላጣ ነበር። ካባውን ግን ለክብሩ ሲል አላወለቀም፤ የሰኔ መጀመሪያ ፀሐይ ደግሞ ለካባ አታዝንም።

«አሁን ተናገሪ» አላት።

«እኔ ተናግሬ ጨርሻለሁ። ልጅሽ ደመና አባረረች ያሉኝ ይናገሩ።»

ባጫ ቆመና ተናገረ። ረጅም ተናገረ። ስለ ላሞቹ በየስማቸው እየጠራ ተናገረ፤ ማንኛዋ መቼ እንደወደቀች፣ ማንኛዋ ጥጃዋን ጥላ እንደሞተች። አላበለም፣ አልተሳደበም። ሀጂራ እሱን መጥላት ፈልጋ ጥቂት ጥቂት እያቃታት ስትሄድ፣ ወደ መጨረሻው ላይ፣ «ይህችን ልጅ ክፉ አልላትም፣ ግን ላሞቼ ከእሷ ይበልጡብኛል» አለ። ያን ጊዜ ቀለላት።

ዳኛው ከአናቱ እስከ አንገቱ ቀልቷል። ላቡ በቅንድቡ ላይ ይወርዳል፤ መጥረግ ደግሞ መሸነፍ ይመስላል። «ባጫ» አለ በመጨረሻ፣ «ያ ደመና ያየው ጥላ ምን ዓይነት ነበር?»

«ጥቁር።»

«ጥቁር» አለ ዳኛው፤ ውሃ ያገኘ ያህል ተነፈሰ። «በቃ። የተከለከለው ጥቁር የጨርቅ ጥላ ነው። ጸሐፊ፣ ጻፍ። የዛፉም፣ የመኳንንቱም፣ የታቦቱም ጥቁር አይደለም።»

«ነጭስ?» አለች ሀጂራ።

«ነጭ ተፈቅዷል።»

«ሰው ሁሉ ሰምቷል?»

«ሰምቷል፣ አንቺ ሴት። ሂጂልኝ።» ወንበሩን እዚያው ትቶ ወደ ዋርካው ሮጠ ማለት ይቻላል።

ሀጂራ ቤት እንደገባች ከአቡጀዲው ጣቃ ቀደደች። ጥላውን መሬት ላይ አስደግፈው፣ እናትና ልጅ በሁለት በኩል ተቀምጠው፣ ነጩን ጨርቅ በጥቁሩ ላይ እየወጠሩ ሽቦ ለሽቦ ሰፉት። ሀጂራ ዳኛው ባርኔጣውን ያወለቀበትን እያስታወሰች ብቻዋን ትስቃለች። ቀመሪያ አልሳቀችም።

«ምነው?» አለቻት እናቷ። «አሸነፍን እኮ።»

«በመላጣው ነው የሳቁት።»

«ይሳቁበት።»

«ስለ እኔ ግን አንድም ሰው አላነሣም፣ እማ። አንቺም አላነሣሽም። እዚያ ሁሉ ሰዓት የተወራው ስለ ቀለም ነው።»

«ጥላሽ ተመልሶልሻል አይደለም?»

«ተመልሷል» አለች ቀመሪያ፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

በቀጣዩ የገበያ ቀን ነጩ ጥላ ተዘረጋ። ከሰዓት በኋላ ዘነበ።

ሰኔ ነበር። በሰኔ ይዘንባል። ከዚያ በፊትም በሰኔ ዘንቧል፤ ጥላ ባልነበረበት፣ ባቡር ባልነበረበት፣ አዳማ ራሷ ባልነበረችበት ጊዜ ዘንቧል። ሀጂራ ይህንኑ ነበር ዝናቡ ውስጥ ቆማ የምትጮኸው። የሰማት የለም። ቆርቆሮው ይንጫጫል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ባጫ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ ሁለት እጁን ዘርግቷል። የዘረጋው ወደ ሰማይ ቢሆን ባልከፋ። ወደ ነጩ ጥላ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለው ክረምት ለሀጂራ ከድርቁ የከፋ ነበር። ሴቶች ሕፃናት አምጥተው በጥላው ሥር ያሳልፋሉ። የጨርቁን ጫፍ ነክተው ግንባራቸውን የሚነኩ ነበሩ። ሀጂራ በመለኪያው ዱላ እጃቸውን ስትመታ «ይቅር በሉን» እያሉ ይሸሻሉ፤ የተቆጣው ጥላው ስለመሰላቸው ነው። ኑሬ ከባንኮኒው ሥር የደበቃቸውን ጥላዎች አወጣና አቡጀዲ አልብሶ «የቀመሪያ ዓይነት» እያለ ይሸጥ ጀመር። አቡጀዲውን የሚገዛው ከሀጂራ ነበር።

«አታፍርም?» አለችው።

«ለምን አፍራለሁ? አንቺ ጠበቃ፣ እኔ ነጋዴ። ሁለታችንም ከዚሁ ጥላ በላን።»

ሸጠችለት። ባትሸጥለት ከሌላ ይገዛል። ዋጋውን ግን ጨመረችበት፤ እሱም እየሳቀ ከፈለ።

ሀጂራ የፈለገችው እንዲያፍሩ ነበር። አላፈሩም፤ ፈሩ። ዳኛው ፀሐይ ላይ የተጠበሰባትን ያቺን ቀን እንኳ ከተማው ገልብጦ ነው የሚያወራት፦ ባላምባራስ የትኛው ቀለም ዝናብ እንደሚያመጣ እስኪገለጥለት ድረስ ባርኔጣ ሳያደርግ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ጸለየ ይሉ ነበር። ዳኛውም ይህን ሲሰማ አላረመም።

ኅዳር መጣ። እህሉ ታጭዶ ውድማ ላይ ተከመረ። ያኔ ደግሞ ዝናቡ በማይመጣበት ጊዜ መጣ፤ አንድ ቀን ጣለ፣ ቆይቶ ደገመ፣ ክምሩ መሽተት ጀመረ። በገበያ ቀን ፀሐይዋ ጠራርጋ ወጥታ ትፋጃለች፤ ከጭላሎ በኩል ግን ደመናው እንደገና ተቆልሏል። ቀመሪያ በነጩ ጥላዋ ሥር ተቀምጣ አዝራር ትመርጣለች። ባጫ ሌሎች ገበሬዎች አስከትሎ መጣ። ፀጉሩ ላይ የረጠበ ገለባ ተጣብቋል። እርጥብ ሣር በእጁ ይዟል፤ ለልመና መምጣቱ ነው።

«ኢንተላ ኮ» አላት በኦሮምኛ፣ ልጄ ማለቱ ነው። «እህላችን እየበሰበሰ ነው። እባክሽ እጠፊልን። እስክንወቃ ድረስ ብቻ።»

ሀጂራ «እጠፊልን» የምትለዋን ኦሮምኛ ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። መቀሱን ይዛ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ቀመሪያ እጇን ዘርግታ ያዘቻት፤ ዓይኗ ግን ባጫ ላይ ነው። በኦሮምኛ መለሰችለት።

«ኦቦ ባጫ፣ በሰኔ ዘበኛው ጥላዬን ያጠፈ ዕለት እዚህ ነበሩ?»

«ነበርኩ።»

«ትከሻዬ ሲላጥ አዩ?»

ባጫ አሰበ። እውነተኛ ሰው ስለሆነ ከልቡ አሰበ። «አላየሁም» አለ። «ሰማዩን ነበር የማየው።»

«ዳኛው ፊትስ፣ ጋቢ ተከናንቤ ስቆም?»

«ያኔም ሰማዩን ነበር።»

«አሁንስ?»

ባጫ ዓይኑ ሳይወድ በግድ በጥላው ጫፍ ላይ አልፎ ወደ ጭላሎ ሄደ።

«እንግዲያው ሰማዩን ይዩ» አለችው። «እኔ አላጥፍም።»

አንዱ ወጣት ገበሬ ወደፊት ተራመደና እጁን ወደ ጥላው እጀታ ሰደደ። ቀመሪያ አልሸሸችም፣ አልተከላከለችም። ጥላውን ጭራሽ ወደ እሱ አቀረበችለት።

«ንካው» አለችው። «እጠፈው። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ነገር ግን ስምህን ንገረኝ፤ ማን እንዳጠፈው ለሚጠይቁኝ እነግራለሁ።»

እጁ እዚያው አየር ላይ ቆመ። ጣቶቹ እጀታው ሊደርሱ ምንም አልቀራቸውም። ከኋላው የነበሩት «ተው፣ ተው» አሉት።

ሀጂራ አፏን ከፈተች። ጨርቅ ነው ልትል ነበር። ጨርቅና ሽቦ ነው፣ አቡጀዲውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ደደቦች፣ ንኩት፣ ምንም አይሆንም ልትል ነበር። ከሰኔ ጀምሮ ስትጮኸው የከረመችው ይህንኑ ነው፤ አሁን ደግሞ ሁሉም ጸጥ ብለዋል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ጆሮ አለ።

«እማ» አለቻት ቀመሪያ፣ በአማርኛ፣ ሳትዞር። «አሁን አትንገሪያቸው።»

ሀጂራ የልጇን ትከሻ አየች። ጠባሳው ላይ አዲስ ቆዳ ሸፍኖበታል፤ ከሌላው ይልቅ ሮዝ ነው። ከዚያ የወጣቱን እጅ አየች። ያንን እጅ ይዞ ያቆመው ውሸቱ ነበር። እውነቱን ከተናገረች ይታጠፋል።

አፏን ዘጋች። በሕይወቷ እንደዚያ ከብዷት የዘጋችው ነገር የለም።

ወጣቱ እጁን ሰበሰበ። ባጫ የያዘውን ሣር ከቀመሪያ ፊት አኖረና ዘወር አለ። ገበሬዎቹ በየተራ ሄዱ፤ ሲሄዱም መሬት ላይ ያረፈችውን ክብ ጥላ እንዳይረግጡ ዙሪያዋን እየዞሩ ነበር። አንዱም ቀና ብሎ የልጅቱን ፊት አላየም።

ሀጂራ ሣሩን በእግሯ ገፋችው። ለኑሬ ጥላዎች የሚሄደውን አቡጀዲ ከጣቃው ፈትታ ዘረጋችና መቀሱን ጥርሷን ነክሳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነዳችው።